ይመኙሽ ስለት ያቆመች ቀን

ጎረቤቴ ይመኙሽ ስትጨነቅ ስለት ትሳላለች። አንድያ ልጇ ዋኘው ለሰሊጥ አጨዳ ሳንጃ ቆላ ወርዶ ወባ እንደጣለው አንድ የጭነት ማኪና ሾፌር ከነገራት ወዲህ ደግሞ ባሰባት። ለገብርኤል ጥላ፣ ለመድኃኔ ዓለም መጋረጃ፣ ለአቦ ሙክት ተሳለች። ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ሙክቱን ከየት እንደምታመጣው እንጃ! «ጎንደር ውስጥ የቱ ታቦት ቀረሽ?» ብዬ ባሾፍባት፣ «ውይ፣ ልደታን ረስቻት!» ብላ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። እህል አትቀምስ፣ እንቅልፍ የላት። ማኪና ማቆሚያው ዘንድ ቆማ የመጣውን ሁሉ ስትጠይቅ ትውላለች።

አንጀቴን ብትበላኝ የነፍስ አባቷን መምሬ ሐብተ ማርያምን ጠርቼ አመጣሁ። ስለቷን ሁሉ አስነገሯት። እኔ ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«ስለት ሸጋ ነው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «የተሳልሽውን ስትችይ ታደርሻለሽ። ምነው ግን እግዚአብሔርን የአውራጃ ዳኛ አደረግሽው? እጅ መንሻ ካላበዙለት መዝገብ የማያነሣ?»

ይመኙሽ ደነገጠች። «ኧረ አባቴ! ልጄ እንዳይሞትብኝ ፈርቼ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም የቀበርኋቸው አሉኝ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይድናል ብዬ አልዋሽሽም። ግን ዋኘውን ካንቺ ይልቅ የሚወደው አለ፤ አሁንም አጠገቡ ነው። ዛሬ ምንም አትሳይ፤ እንዲሁ ለምኝው።»

«ባዶ እጄን?»

«ባዶ እጅሽን።»

እጆቿን ዘረጋች። አፏ ለምዶባት «ልጄን ብታድንልኝ…» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። «ጌታዬ፣ የምሰጥህ የለኝም። ልጄ ያንተ ነው፤ እኔም ያንተው ነኝ» አለች። ያለቀስሁት እኔ ነኝ። እሷ እንባዋን ጠርጋ ያቀረብሁላትን ሽሮ በላች።

በማግሥቱ የትም አልሄደችም። ጥቂት ፈተለችና ጋደም አለች። ጭንቀቷ ወደ እኔ ዞረ መሰል፣ አላስቀምጥ ቢለኝ ማኪና ማቆሚያው ዘንድ ሄጄ የቆምሁት እኔው ሆንሁ! እዚያ ሳለሁ ዋኘው ከአንድ የጭነት ማኪና ላይ ተደግፎ ወረደ። ቢጫ ሆኗል፣ ከስቷል፤ ግን በእግሩ ይሄዳል። ሮጬ ሄጄ ክንዱን ያዝሁት።

ደግፌው ቤት ስንገባ ይመኙሽ በጠራራ ፀሐይ ተኝታለች። ልጁ ክው አለ።

«እትዬ አየለች፣ እማዬን ምን ነካት? እኔ ከቤት ወጥቼማ ተኝታ አታውቅም!»

«ዝም በል፣ አትቀስቅሳት» አልሁት። «አንተን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥታ ነው የተኛችው።»