በብጣሹ ጥግ ያለችው ነጥብ

የስድስተኛ ክፍሏ መምህርት ሃምሳ ሁለት ተማሪዎች ነበሯት። ከእነሱ ውስጥ ሰባት ስምንቱ ጋዜጣ ያንበለብላሉ፤ አስራ አምስት የሚሆኑት ደግሞ ገና ከፊደል ጋር አልታረቁም። የቀሩት መሃል ላይ ናቸው፤ አንድ ቀን ይቀናቸዋል፣ አንድ ቀን ይጠምባቸዋል። "ስለ ዝናብ ጻፉ" ስትል ፊተኞቹ በአስር ደቂቃ ጨርሰው እርስ በርስ መጎሻሸም ይጀምራሉ። ኋለኞቹ ቀኑንና ርዕሱን አሳምረው ይጽፋሉ፣ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ያሰምሩበታል፣ ከዚያ በኋላ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተምር ይህ ነገር አንጀቷን ሲበላት ኖሯል።

አንድ እሁድ ከሰዓት እህቷ ቤት ተቀምጣ የልጆቹን ጨዋታ ታያለች። በእንግዳ ፊት ትንፍሽ የማትለው ትንሿ ልጅ የአባቷን መነጽር አድርጋ ሐኪም ሆናለች። "ምላስዎን ያውጡ! ስንት ቀን ሆነዎት? ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?" እያለች ታላቅ ወንድሟን ቁም ስቅሉን ታሳየዋለች። መምህሯ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ልጅቱን ስታይ ቆየች።

ሰኞ ሃምሳ ሁለት ብጣሽ ወረቀት ይዛ ክፍል ገባች። በእያንዳንዱ ላይ አራት ነገር ተጽፏል፦ ማን እንደሆንክ፣ ለማን እንደምትጽፍ፣ በምን መልክ፣ ስለ ምን። የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ከተበላሸ ዘጠነኛ ቀኑ ስለነበር ጉዳዩ ሁሉ የውሃ ጉዳይ ነበር። አንዱ ቧንቧው ራሱ ሆኖ ለጥበቃው የይቅርታ ደብዳቤ ይጽፋል። አንዷ ጋዜጠኛ ሆና ዜና ታዘጋጃለች። ሌላው የውሃ ቢሮ ኃላፊ ሆኖ ለተቆጣ ሕዝብ የሁለት ገጽ መልስ ይሰጣል። ስታድል እንዳይምታታባት በየብጣሹ ጥግ በእስክሪብቶ አንዳንድ ነጥብ አድርጋለች። ቀይ ነጥብ ያለበት ረጅምና ከበድ ያለው ነው፤ ሰማያዊው መካከለኛው ነው፤ አረንጓዴው ደግሞ አጭሩ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ተጽፎ የተሰጠበት። ስለ ነጥቦቹ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ማን ልብ ይለዋል ብላ።

ከኋለኛው ወንበር "ሽቦ" የሚሏት ልጅ ነበረች። ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ነው ስሙ የወጣላት። አብረዋት ከሚማሩት በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ስታነብ ፊደሎቹ ቦታ ይቀያየሩባታል፤ ስለዚህ ጣቷን ከመስመሩ ስር አድርጋ፣ ቆም ቆም እያለች ነው የምትሄደው። እጇ ግን ወርቅ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ በመሆኑ ጠርዝ መቀምቀምም ሆነ ቁልፍ መትከል ለእሷ ጨዋታ ነው። መጻፍ ሲመጣ ግን ከሁለት መስመር አልፋ አታውቅም።

የዚያን ቀን የደረሳት ብጣሽ፣ "አንቺ ባልዲ ነሽ። ለጥበቃው አቤቱታ ጻፊ" ይላል። ሽቦ አስራ አንድ መስመር ጻፈች።

"ጌታዬ ጥበቃው፣ እኔ ባልዲ ነኝ። ድሮ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይበርደኝ ነበር። አሁን ልጆች የብርቱካን ልጣጭ ይጥሉብኛል። እኔ ቅርጫት አይደለሁም። ስራ አለኝ..."

መምህሯ ወረቀቱን ይዛ መምህራን ክፍል ሄደች፤ ለሒሳብ መምህሩ አነበበችለት።

"ሽቦ ናት ይህን የጻፈችው? አትቀልጂ እንጂ!" አላት።

"እሷ ናት። 'ስራ አለኝ' የምትለዋን አየሃት?" አለችና ሳቀች፤ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች።

አምስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ክፍሉ ሰኞን እንደ ዕረፍት ቀን ይጠብቀው ጀመር። ሽቦ የደረሷትን ብጣሾች ሁሉ ደብተሯ ላይ በሙጫ እየለጠፈች፣ ከስራቸው የጻፈችውን ትገለብጥ ነበር። ቤት ወስዳ ለአባቷ ስታሳየው ጣቱን ጥጉ ላይ አሳርፎ፣ "ይህቺስ ምንድን ናት?" አላት።

"ነጥብ ናት። ቲቸር የሰጡኝ።"

ነጥብ ሲባል አባት ሌላ ምን ያስባል? ልጁ ተሳክቶላት ነጥብ ያገኘች መሰለው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ደንበኛ ሁሉ እያስቆመ፣ "የልጄን ነጥብ እይልኝማ" ይል ጀመር። ሽቦም አላረመችውም። እሷም ብትሆን ነጥቧ ምን እንደሆነች አታውቅም፤ ደስ የምትል ነገር ግን መስላታለች።

ምስጢሩን ያወጣው "ዳኛው" ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ጥፋት የማን እንደሆነ ካልፈረደ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ስለሆነ ነው ዳኛው የተባለው። በስድስተኛው ሰኞ፣ መምህሯ ወደ ቢሮ ተጠርታ ስትወጣ፣ ከጎኑና ከኋላው ያሉትን ብጣሾች ሰብስቦ አንድ በአንድ አስተያያቸውና ፍርዱን ሰጠ።

"ገባኝ! ቀይ ጎበዝ፣ ሰማያዊ ደህና፣ አረንጓዴ ሰነፍ!"

ክፍሉ በአንድ ጊዜ የየራሱን ጥግ አየ። አንዳንዱ ፎከረ፤ አንዳንዱ ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሽቦ ደብተሯን ከፈተች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው እጇ ላይ ነው። ደብተሩን ከደነችው፤ መምህሯ ስትመለስ ብጣሹን ባዶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣላት ወጣች።

ማክሰኞ አልመጣችም። ረቡዕም ወንበሯ ባዶ ነበር።

የሆነውን ለመምህሯ የነገራት ራሱ ዳኛው ነው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "እኔ የነጥቡን ነገር ብቻ ነው የተናገርኩት፤ እሷን አልሰደብኩም" አላት። መምህሯ አልተቆጣችውም። ምን ብላ ትቆጣው? ነጥቦቹን በገዛ እጇ ያደረገችው እሷ ናት።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄደች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ያላለቁ ኮቶች፣ በጀርባ በኩል መጋረጃ። አባትየው ሲያያት ከመቀመጫው ተነሳ።

"ይግቡ መምህር፣ እዚህ ይቀመጡ" ብሎ ወንበሩ ላይ የነበረውን የጨርቅ ክምር አነሳላት። "ሆዷን ብላኛለች። እናቷ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ የቀን ተረኛ ናት፤ ስለዚህ ከእኔ ጋር ነው የዋለችው። ምን እንደሆነች አልነገረችኝም።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች መምህሯ።

በመጋረጃው ስር ሁለት ረጃጅም እግሮች ይታያሉ። ከወዲያ ማዶ ድምፅ መጣ።

"ቲቸር፣ አረንጓዴዋ ነጥብ ምን ማለት ናት?"

መምህሯ መንገዱን ሁሉ ስታሰላስል የመጣችው መልስ ነበራት፤ ለማስታወሻ ነው፣ ለቀለም ያህል ነው የሚል። አፏ ላይ ሲደርስ ተወችው።

"አጭርና ቀለል ያለ ማለት ናት፣ ልጄ።"

አባትየው እጁን ጨርቁ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

"ለእኔ ሁልጊዜ?"

"አምስት ጊዜ።"

"ስድስት ነው።"

"ልክ ነሽ፤ ስድስት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ፈራኋ። ይከፋችኋል ብዬ ፈራሁ።"

አባትየው ጉሮሮውን ጠራረገ። "ለደንበኛ ሁሉ አሳይቻለሁ እኮ" አለ ቀስ ብሎ፤ ለማን እንደተናገረው አይታወቅም። ቆይቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር ነካ አደረገ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና መምህር፣ እኔም ለሁሉም ሰው አንድ ልክ አልቆርጥም። አጭሩን በአጭሩ፣ ወፍራሙን በስፋቱ ነው የምሰፋው። ነገር ግን ሜትሩን ይዩት፣ እዚህ ነው ያለው። ኪሴ ውስጥ ደብቄ ሰውን ከኋላው ብለካው፣ ሌባ መጣ ብሎ ይጮኽብኛል።"

መምህሯ ሳትፈልግ ሳቀች። ከመጋረጃው ጀርባም አንድ የታፈነ ነገር ተሰማ።

ከዚያ ሽቦ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። አባቷ የልብስ ቅድ ከሚያወጣበት ወረቀት ጥግ ቀደደች፤ እየቆመች፣ ፊደል እያስታወሰች ጻፈችና ለመምህሯ ሰጠቻት። "ማን፦ አረንጓዴ የደረሳት ልጅ። ለማን፦ ለቲቸር። በምን፦ በደብዳቤ። ስለምን፦ ስለ ነጥቧ።" ጥጉ ላይ በቀይ ጠመኔ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ አለች።

"ቀይ ነው የሰጠሁዎት" አለች ሽቦ። "ረጅም ይሁን።"

"መቼ ላምጣው?"

"ነገ። እኛን ሁልጊዜ ነገ ነው የሚሉን።"

መምህሯ ከራት በፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፉ ስትል ኖራ፣ ብዕሯ አልሄድ አላት። "ቲቸር ለእኔ አስበው ነው" ብላ ጀመረችና ሰረዘችው፤ ይህ የልጅቱ ቃል አይደለም፣ የራሷ ማመካኛ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ፤ ልጅቱ ትናገራለች ስትል፣ አስተማሪዋ በጎን እየገባች ንግግሩን ትቀማታለች። ሦስተኛውን ስትጀምር፣ ልጅ ሳለች "ድንጋይ ረድፍ" የሚባል የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የከረመችበት ዓመት ትዝ አላት። ማንም ይህ ረድፍ የሰነፍ ነው ብሎ አልነገራትም። ሁሉም ግን ያውቀው ነበር። ከዚያ በኋላ እጇ ሳይቆም ጻፈች።

ሐሙስ ጠዋት አባትየው ልጁን እስከ በሩ አደረሳት። መምህሯ ፊት ለፊት ቆማ፣ "የቤት ስራ ተሰጥቶኝ ነበር። ያዘዘችኝ እዚህ ናት" አለችና አነበበች።

"ቲቸር፣ ብጣሾችዎን ሁሉ ደብተሬ ላይ ለጥፌያለሁ። ነጥቧ ጌጥ መስላኝ ነበር። ለአባቴ አሳየሁት፤ አባቴም ለሰው ሁሉ አሳየው። ቀላል ስለሰጡኝ ቅር አላለኝም፤ ባልዲ መሆን ደስ ብሎኛል። መጻፍ የጀመርኩት በባልዲው ነው። ያዘንኩት ስለ እኔ የሚያውቁትን ነገር ከእኔ ደብቀው፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ ስላስቀመጡት ነው። ሌላ ጊዜ ጆሮዬ ላይ ይንገሩኝ። ከባድ ከሆነብኝ ከባድ ነው እላለሁ። ካልከበደኝም አልከበደኝም እላለሁ። ባይሆንልኝ እንኳ ልሞክረው..."

ሁለት ገጽ ነበር። ስትጨርስ ክፍሉ ወደ ኋለኛው ወንበር ዞረ። ሽቦ ተነሳች።

"ቲቸር፣ አንድ ቦታ ልክ አይደለም። 'ቅር አላለኝም' ያሉት። ቅር ብሎኛል።"

መምህሯ እስክሪብቶዋን አውጥታ በሁሉም ፊት ሰረዘችው። "ቅር ብሎኛል" ብላ ጻፈችበት።

"ሌላውስ?"

"ሌላው ደህና ነው" አለች ሽቦና ተቀመጠች። "ፊደልዎም ያምራል።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ዳኛው እጁን አወጣ። መጀመሪያ ወደ ሽቦ ዞሮ፣ "ሰነፍ ያልኩት ስህተት ነው፣ ይቅርታ" አላት፤ ቀጥሎ ወደ መምህሯ። "ግን ቲቸር፣ እኔም ቅር ብሎኛል። ሁልጊዜ ኃላፊ፣ ሁልጊዜ ሥራ አስኪያጅ! አንድ ቀን እንኳ ባልዲ አልሆንኩም።"

ከዚያ ወዲህ ብጣሾቹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉ ጀመር፤ "አጭር"፣ "መካከለኛ"፣ "ረጅም" ተብሎ በግልጽ ተጽፎባቸው። ሁሉም የሚሆነውን ራሱ ያነሳል። መምህሯ በየወንበሩ እየዞረች የመሰላትን በጆሮ ትነግራለች፤ "ይህ ይበዛብሻል፣ ግን ሞክሪው"፣ "አንተ ከዚህ በላይ ትችላለህ፣ ሰነፍክ"። አንዳንዱ ይሰማታል፣ አንዳንዱ አይሰማትም። ሁሌ አልሰመረም፤ ወር ሙሉ አጭሩን ብቻ ሲያነሱ የከረሙ ሰነፎች ነበሩ፤ ማን ምን እንዳነሳ የምትመዘግብበት ማስታወሻ ደብተሯም በጭቅጭቅ ተሞላ። ዳኛው የተመኘውን አግኝቶ አሮጌ መጥረጊያ ሆነ፤ በአራት መስመር አለቀበትና ጭንቅላቱን እያከከ ሽቦ ዘንድ ሄደ።

"መጥረጊያ ምን ይላል?"

"መጀመሪያ የት እንደሚያምህ አስብ" አለችው።

ሽቦ ዓመቱን ያለፈችው በጭንቅ ነው። ንባቧ ዛሬም ቀርፋፋ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከጠረጴዛው ላይ ረጅሙን አነሳች፦ "አንቺ ከንቲባ ነሽ። ስለተቆፈረው መንገድ ለነዋሪው ንግግር አድርጊ።" መምህሯ ጎንበስ ብላ፣ "ይህ ከባድ ነው፣ ልጄ" አለቻት በጆሮዋ። "አውቃለሁ" አለች ሽቦ። በሁለት ቀን ግማሹን ብቻ ጨረሰች፤ ሌላ ሁለት ቀን ለመነች፣ ተሰጣት።

ዓርብ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ፊት ወጣች። ጣቷን ከመስመሩ ስር አድርጋ ጀመረች። "የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ አይደለሁም፤ ያልደፈንኩት ግን እኔ ነኝ..." አንድ ቃል ላይ ቆመች፤ ተመለሰች፤ አለፈችው። ከኋላ አንድ ሰው ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ዳኛው በክርኑ ጎሸመው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ደወል ተደወለ። ሁለት ልጆች ኳሳቸውን ይዘው በሩጫ ወጡ፤ አንዳንዶች ቦርሳቸውን ማንሳት ጀመሩ።

"ተቀመጡ እንጂ!" አለ ዳኛው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። "ከንቲባዋ ገና አልጨረሱም።"

ቦርሳዎቹ ተመልሰው ወረዱ። መምህሯ መስኮቱ ጋ ተደግፋ ቆማ ነበር። ሽቦ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ገጹን ገለጠች።