የስድስት ደቂቃ እርምጃ

የጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ «ወጌሻዋ» ይላታል። አራት ዓመት ተምራ፣ ወረቀቷን ይዛ፣ በሩ ላይ «የፊዚዮቴራፒ ክፍል» የሚል ጽሑፍ በገዛ እጇ ለጥፋም ያው ወጌሻዋ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ትቆጣ ነበር። ኋላ ቁጣው ራሱ ጉልበት ሲፈጅባት ተወችው። እኛም እንደ ሰዉ እንጥራት።

ክፍሏ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከላቦራቶሪው ማዶ ናት። አንድ አልጋ፣ ሁለት ትልልቅ ኳስ፣ ግድግዳው ላይ የተመታ የእንጨት መሰላል አላት። እዚያ የሚመጣ ሰው ወይ ተሰብሮ ወይ ተጣሞ ነው። እሷ ደግሞ ሰው ሳይሰበር ቢመጣላት ትወድ ነበር። የዘንድሮ በሽታ እያሳለ አይመጣም፣ ተቀምጠን ሳለ ነው ቀስ ብሎ የሚገባው ብትል የሚሰማት አላገኘችም። ያልታመመ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል ይሏታል።

ጋሽ መሪ የመጡት ወገባቸውን ይዘው ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሃያ ሰባት ዓመት መሪ ጨብጠው ስሙ ተጣብቆባቸው ቀረ። አልጋው ላይ በሆዳቸው ሊተኙ ሸሚዛቸውን ሲፈቱ ወጌሻዋ ከኪሷ ሜትር አውጥታ ሆዳቸውን ዙሪያውን ለካች። ቀጥላም የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች።

«ልጄ፣ ሱሪ ልትሰፊልኝ ነው እንዴ? እኔ የመጣሁት ለመታሸት ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እሽት ቢያድን ኖሮ ከሊጥ የበለጠ ጤነኛ አይገኝም ነበር።»

ጋሽ መሪ ለመሳቅም ለመቆጣትም ሲያመነቱ መለኪያው መቶ ሃምሳ ስምንት በዘጠና ስድስት አለ። በማግስቱ በባዶ ሆዳቸው ላቦራቶሪ ገቡ። ስኳራቸውም ገና ቤት አልገባም እንጂ በሩ ላይ ቆሟል።

እንዳጋጣሚ በየተራ ከሚደረገው የሹፌሮች ዓመታዊ ምርመራ የሳቸው ተራ በዚያው ሳምንት ነበርና የድርጅቱ ሐኪምም ያንኑ ቁጥር አገኘው። ሦስት ወር ሰጣቸው። ግፊቱ ከመቶ አርባ በዘጠና በታች ካልወረደ ጋሽ መሪ መሪውን ለቀው ዴፖው በር ላይ ይመደባሉ። ሥራቸውም የሚገባና የሚወጣ አውቶቡስ መመዝገብ ይሆናል። እሳቸው ይህን ለወጌሻዋ ሲነግሯት ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«በር ላይ ተጎልቼ የሰው አውቶቡስ ስቆጥር ልታዪኝ ነው?»

«እግር እስካለዎት ድረስ አላይም» አለቻቸው። አፏ ደፋር ነው፤ ሆዷ ግን እንደ አፏ አልነበረም።

ጨው አስቀነሰቻቸው። የወገብ መልመጃ አሳየቻቸው። አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ላይ በየዙሩ አሥራ ሁለት ደቂቃ እንደሚቆም ስታውቅ፣ በዚያች ደቂቃ ከወንበራቸው ወርደው አውቶቡሱን እንዲዞሩት አዘዘች። አንዱ ዙር አርባ እርምጃ ይሆናል። የዞሩትን የሚያሰፍሩበት ወረቀትም አሰመረችላቸው።

ከዚያ በፊት ግን መነሻቸውን መያዝ ነበረባት። ለዚህ ሙያው የራሱ ሥርዓት አለው። ኮሪደሩ ላይ ሠላሳ ሜትር ተለክቶ ጫፍና ጫፉ ላይ ወንበር ይቀመጣል። በሽተኛው በሁለቱ መሃል ስድስት ደቂቃ በራሱ ጉልበት ይመላለሳል። ባለሙያዋ ሰዓት ይዛ አንድ ቦታ ትቆማለች እንጂ አጠገቡ አትሄድም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ አንዱ አንዱን መጎተቱ አይቀርማ። ጋሽ መሪ ሦስት መቶ ዘጠና ሜትር ሄደው ላባቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ወረቀቱ በየሳምንቱ ጢም ብሎ ተሞልቶ ይመጣል። ወጌሻዋም ለላቦራቶሪው ሠራተኞች «ታያላችሁ!» እያለች ስትጎርር ሰነበተች። የሁለተኛው ልኬት ቀን ሲደርስ ባለቤታቸውም አብረው መጡና አግዳሚው ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ላቦራቶሪዎቹ አንገታቸውን በበሩ አሰገጉ።

ጋሽ መሪ ጀመሩ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እርምጃቸው ላላ፤ ትንፋሻቸው ከኮሪደሩ ወዲያ ማዶ ይሰማል። ባለቤታቸው ቦርሳውን ጨበጥ አደረጉት። ወጌሻዋ ምን ጊዜ ከቦታዋ እንደተነሣች አላወቀችም፤ ብቻ ጎናቸው ሆና «በርቱ ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት» እያለች ትራመዳለች። አምስት መቶ ሃያ ሜትር። ላቦራቶሪዎቹ አጨበጨቡ። ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ በትልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ ማታ ቤቷ ስትገባም ጎረቤት ሰላም ያለችው በኩራት ነው።

በሦስተኛው ቀን ግፊታቸውን ለካች። መቶ ሃምሳ ስድስት። አሳርፋ ደግማ ለካች። ክንድ አስቀየረች። መለኪያውን ከነርሷ ተውሳ ሞከረች። ያው ነው። መቼም ሰው ራሱን ከመጠርጠሩ በፊት የማይጠረጥረው ነገር የለምና መጀመሪያ መለኪያውን፣ ቀጥላ ጨውን፣ በጨው በኩል ደግሞ ወጥ የሚሠሩትን ምስኪን ባለቤታቸውን ጠረጠረች። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ በምሳ ሰዓቷ ሳታስታውቅ መጨረሻ ፌርማታ ወረደች።

አውቶቡሱ ቆሟል። ቲኬት ቆራጯ ወረቀቱን ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አውቶቡሱን ትዞራለች። ጋሽ መሪ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ጋዜጣ ያነባሉ።

ወጌሻዋ ልጅቷን ይዛ ምን እየሠራሽ ነው አለቻት። ልጅቷም ጋሼ አደራ ብለዋት እንደሆነ፣ አንዲት ዙር እንኳን አጉድላ እንደማታውቅ፣ ደግሞም አምስት ኪሎ እንደቀነሰች በደስታ ነገረቻት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጋሽ መሪ የመጀመሪያውን ሳምንት በሐቅ ዞረዋል። ግን ክላክስ የሚሉት ሹፌር አለ፤ አፉ ስለማያርፍ የወጣለት ስም ነው። ጋሼ አውቶቡሷን ሊያገቧት ነው መሰል እንዲህ የሚዞሯት እያለ አላስቀምጥ አላቸው። ተሳፋሪውም የጠፋቸው ነገር ያለ መስሎት ከጎማው ሥር ጎንበስ እያለ ያፋልጋቸው ጀመር። ከዚያ በኋላ እግራቸውን ሀፍረት ያዘው።

ወጌሻዋ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ የምትናገረውን አሰናዳች። አቤት፣ እንዴት ያለ ስድብ ነበር፤ ተደርድሮ ጨርሶ ምላሷ ጫፍ ደርሷል። ድንገት ግን አንድ ነገር አነቃት። ያልተራመደ ሰው አምስት መቶ ሃያ ሜትሩን በማን እግር ሄደው? ስድቡን ዋጠችው፤ ሲወርድ ጎረበጣት።

«ጋሼ» አለች፤ «ያ ግድግዳ ላይ ያለው ቁጥር የእርስዎ አይደለም። የኔ ነው። አጠገብዎ ሄጄ ጎትቼዎታለሁ። እንዳልሄድ የተማርኩት ነገር ነው፤ አውቄው አጠፋሁ።»

ጋሽ መሪ ጋዜጣውን ቀስ ብለው አጠፉት። ቲኬት ቆራጯ ወረቀቱን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ታዲያ የኔው ስንት ነው?» አሉ።

«አላውቅም። ነገ ይምጡ። እርስዎ ይሄዳሉ፣ እኔ እቆማለሁ።»

በማግስቱ መጡ። ስትቆም እግሯ ሥር እሳት ያለ ይመስል ነበር፤ ግን ቆመች። ሦስት መቶ ዘጠና አምስት። በስድስት ሳምንት አምስት ሜትር ማለት ነው። ወጌሻዋ ያን ጊዜ ባጨበጨቡት ላቦራቶሪዎች ፊት ቀዩን ወረቀት ቀድዳ አዲሱን ለጠፈች፤ መዝገቡ ላይም የቀድሞው ልኬት በባለሙያዋ ስህተት የተሰረዘ ነው ብላ ፈረመችበት።

የቀረው ስድስት ሳምንት ነው። ወጌሻዋ አሰበችበት። የጋሽ መሪ ጉልበት አልሰነፈም፣ ብቻቸውን መታየቱ ነው የከበዳቸው። ሰኞ ሜትሯንና የግፊት መለኪያዋን ይዛ እንደገና ፌርማታው ወረደች። ክላክስ ገና ከሩቅ ሲያያት ሚዜዋ መጣች አለ። ቀልድ የሚያውቅ ሰው ክንዱን መስጠት አይፈራም ብላ ወንበር ሳበችለት። ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ለሌሎቹ እየጠቀሰ ተቀመጠ። መቶ ሰባ አንድ በመቶ አራት።

ቁጥሩን ለእሱ ብቻ በጆሮው ነገረችው። ክላክስ ግን ማስመሰል አያውቅበትም፤ ዝም አለ። ፌርማታው ያንን ዝምታ ሰምቶ አያውቅምና የቀሩት ሰባት ሹፌሮች ሳይጠሩ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከስምንቱ አምስቱ ከልክ በላይ ሆኑ። ክላክስን የዚያኑ ቀን ይዛው ሄዳ ሐኪም ዘንድ አስገባችው፤ ኪኒን ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ መዞር ቀረ። ያረፈው ሹፌር ሁሉ በአጥሩ ሥር እስከ ጋራዡ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ብቻውን የሚንጎራደድ ሰው ትርኢት ነው፤ አራት አምስት ሆኖ ሲሄድ ግን ጉዳይ ያለው ይመስላል፣ ማንም አይስቅም። ጋሽ መሪ እንደ አንጋፋነታቸው ፊት ሆኑ፤ ክላክስ ከኋላ እየተከተለ ፍጥነት በዛ፣ ትራፊክ ይይዘናል ይላል። ወረቀቱን አሁን የሚሞሉት ራሳቸው ናቸው። አንዳንድ ቀን ባዶ ይሆናል፤ ወጌሻዋ ባዶውን ስታይ ደስ ይላት ጀመር፣ የተሞላውን አመነችዋ።

ሦስት ወሩ ሞላ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ጋሽ መሪ ብቻቸውን አራት መቶ ሰባ አምስት ሜትር ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ ክሊኒክ በር ላይ ወጌሻዋና የጋሽ መሪ ባለቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። ሴትዮዋ፣ ሰውዬው ሌሊት ማንኮራፋታቸው እንደቀነሰ፣ ዝምታው እያስደነገጣቸው እየነቀነቁ እንደሚቀሰቅሷቸው ሲነግሯት ነበር በሩ የተከፈተው።

ጋሽ መሪ የእጅጌያቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ወጡ። ፊታቸው አይነበብም።

«መቶ ሠላሳ ስድስት በሰማንያ ስድስት» አሉ። «ሁለቴ ለካኝ፣ ሰውዬው አላመነም። ስኳሩም ከበሩ ፈቀቅ ብሏል። በስድስት ወር ተመልሰህ ና አለኝ።»

ባለቤታቸው ቦርሳቸውን ከፍተው መሐረብ ፈለጉ፤ ሳያገኙት እንባቸው ቀደማቸው። ወጌሻዋ የራሷን መሐረብ አቀበለቻቸው። ጋሽ መሪ ግን ጊዜ የላቸውም፤ የአሥር ሰዓቱ ዙር የሳቸው ነው። ባለቤታቸውን ክንዳቸውን ይዘው ወደ አውቶቡሱ ወሰዷቸው።

ሐኪሙ ወጌሻዋን ወደ ውስጥ ጠራት። ጠረጴዛው ላይ የሹፌሮች ፋይል ተቆልሏል። የዚያ ፌርማታ ሰዎች ተራቸው ደርሶ ሲመረመሩ ግፊታቸው ካምናው አንድ ላይ መውረዱ ገርሞት እንደሆነ ነገራትና በሳምንት ስንት ሰው መያዝ እንደምትችል ጠየቃት።

«ስንት አለዎት?»

«ሁለት መቶ አሥር።»

ወጌሻዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የላይኛውን ፋይል አንሥታ ገለጠች፤ ዕድሜ አርባ አንድ፣ ምንም ሕመም የለም ይላል። በሕይወቷ ያላመመው ሰው ሲላክላት የመጀመሪያዋ ነው።

«የኔ ኮሪደር አይበቃም» አለች። «የዴፖውን ግቢ ስጡኝ።»

ሐኪሙ ስልኩን አንሥቶ ለዴፖው ኃላፊ ደወለ። እሷ እስክሪብቶ ተዋሰችና የመጀመሪያውን ስም መጻፍ ጀመረች።