ያልተሞከረችው ሰባት

በልደታ ኮንዶሚኒየም የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ያቋቋሙት እድር ሊቀመንበር ጋሽ ኢዶሳ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ድንኳን ውስጥ ለተሰበሰበው ጉባኤ ታላቅ ዜና አበሰሩ። የእድሩ ወንበር ተቆጥሯል። ዘጠና አንድ ነው።

ጉባኤው አጨበጨበ።

«ባለፈው ለቅሶ የመጨረሻው ረድፍ አጭር ሆኖ፣ እዚያ የተቀመጡት ‹ጭራ አደረጋችሁን› ብለው ተቀይመዋል። ከእንግዲህ ረድፉ ሁሉ እኩል ይሁን። መምህር፣ እስቲ ይዩልን» አሉ ጋሽ ኢዶሳ።

የሂሳብ አስተማሪው ሱፍያን ተነሳ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። የእድሩ ንብረት ያዥ ቢልቂስ ከወደ ኋላ አንገቷን አሰገገች። እሷም ባሏን ከቀበረች ቆይታለች፤ ይህ ሰው ቁጥር ሲፈታ ማየት እንደምትወድ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

«ለሁለት አይካፈልም፣ ጎዶሎ ነው» አለ ሱፍያን። «ለሦስት፣ ዘጠኝና አንድ ሲደመር አስር፤ አስር እምቢ ካለ እሱም እምቢ ይላል። ለአምስት፣ መጨረሻው ዜሮም አምስትም አይደለም። ከአስር በላይ መሞከር አያስፈልግም። አስር በአስር መቶ ነውና፣ ትልቅ አካፋይ ቢኖረው ትንሽ ጓደኛ ይዞ ይመጣ ነበር።» ወደ ቢልቂስ አየት አደረገና ቆም አለ። «ስለዚህ... ብቸኛ ቁጥር ነው።»

«ብቸኛ? ምን ሆኖ?» አለች ግራውንድ የምትኖረው መሰለች።

«ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም።»

«ውይ፣ ምስኪን!»

ጉባኤው አዘነ፤ ከዚያም ወሰነ። ድግስ ወይም ለቅሶ በመጣ ቁጥር መምህሩና ንብረት ያዧ ቀድመው ወርደው፣ ማንንም የማያስቀይም አደራደር ይፈልጉ። ቢልቂስ ሥራ የበዛባት ለመምሰል በረጅሙ ተነፈሰች።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንበር ያዘዋውራሉ። አንዷ ሁልጊዜ ትተርፋለች።

«ይቺን የት እናድርጋት፣ መምህር?»

«እናስብበት እንጂ፣ ወይዘሮ ቢልቂስ። ምን ያስቸኩለናል?»

አንድ ቀን ግን ቢልቂስ ብቻዋን ስትደረድር፣ ሰባት ረድፍ ሆነ፤ እያንዳንዱ አሥራ ሦስት። ምንም አልተረፈም። ሌባ ይመስል ዙሪያዋን ገላምጣ ቶሎ በታተነችው። ጭንቀቷ ከዚያ ጀመረ። ሰውዬው ስቶ ነው ወይስ አውቆ? ስቶ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ወንበር ማዘዋወር ወንበር ማዘዋወር ብቻ ነው። ይህ ደግሞ አፍ አውጥቶ አይጠየቅም።

አብነት አካባቢ አብረው ሲያልፉ ሱፍያን አንድ የቆርቆሮ በር ላይ የተጻፈ ቁጥር አይቶ ቀጥ አለ። ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ።

«ለሰባት ሁለት ይተርፋል፤ ለአሥራ አንድ ሦስት፤ ለአሥራ ሦስትም ሦስት...» ዓይኑ በራ። «አሥራ ሰባት በአሥራ ሰባት! አየሽ፣ ብቸኛ መስሎ ነበር እንጂ ከቢጤው ጋር ነው።»

«ማሻአላህ!» አለች ቢልቂስ፤ ከልቧ ነው። ለሰው በር ቁጥር እንኳ ሰባትን የማይዘል ሰው ነው።

በሚቀጥለው ጉባኤ ጋሽ ኢዶሳ ባርኔጣቸውን ዳግመኛ አወለቁ። «አንዷን ወንበር እናስወግዳት። ዘጠና ሲሆን ዘጠኝ ረድፍ ነው፣ አስር አስር። መምህርም ይረፉ።»

ጥበቃው ኢብራሂም አንድ ባዶ ወንበር አንስቶ ወደ ውጭ አመራ።

«ቆይ!» ሱፍያን ሳያስበው ተነስቷል። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። «ያለ ጥፋቷ አትባረር። ያኔ... ሰባትን ሳልሞክራት ቀርቼ ነው። ለሰባት ይካፈላል። አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት።»

ማንም አልተደነቀም። መሰለች የነጠላዋን ጫፍ ማየት ጀመረች፤ የቀረው ጉባኤ የድንኳኑን ጣሪያ።

«እኛ እንኳ ሞክረናት ነበር» አሉ ጋሽ ኢዶሳ፣ ባርኔጣቸውን እያገላበጡ።

«እኔም» አለች ቢልቂስ።

ኢብራሂም ወንበሯን እንደያዘ መሃል ላይ ቆሞ ነበር። ማንንም ሳይጠይቅ ተመልሶ መምህሩ ጎን አስቀመጣት፤ በእጅጌውም ጠረጋት። ቢልቂስ ከወደ ኋላ ተነስታ መጣችና ተቀመጠች።