መጥረቢያ ይዞ የታየው

የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ልጇን ፊልም ላይ ያየች ዕለት ደስታዋን ለብቻዋ አልቻለችውም። ፊልሙ የሚታየው ግድግዳው ላይ በተወጠረው በራሷ ነጭ አንሶላ ነው። አጠገቧ የተቀመጠችውን ጎረቤቷን በክርኗ እየጎሸመች "አየሽልኝ? የኔው እኮ ነው!" ትላለች። መቼም እናት ሞኝ ናት። ልጇ ምን ሲያደርግ እንደታየ ልብ ያለችው አንሶላዋን ስታጥፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ደን አትጨርሱ ብለው የሚያስተምሩ ሰዎች ካሜራ ይዘው መጡና የሚጫወትላቸው ሰው ፈለጉ። ችግኝ ተካዩን ለመሆን ሰው ሁሉ ተሻማ። ዛፍ ቆራጩን የሚሆን ግን ጠፋ። ማን ክፉ ሆኖ መታየት ይፈልጋል? የሷ ልጅ ደግሞ ሰው ሲቸገር ቆሞ ማየት አይሆንለትም፤ "በቃ እኔ ልሁን" አለ። መጥረቢያውን እንኳ የያዘው ከጎረቤት ተውሶ ነው። የወደቀውም ዛፍ ነፋስ የጣለው ነበር፤ ፊልም ግን ይሄን አይናገርም። ፊልሙ ላይ እሱ ይቆርጣል፣ ምንጩ ይደርቃል፣ ከብቱ ያልቃል፣ ሰው ያለቅሳል።

ከዚያ ወዲያ የገዛ ስሙ ቀረ። ልጅ አዋቂው "መጥረቢያው" ይለው ጀመር።

"ተዪው እማ፣ ቀልድ ነው" ይላል እየሳቀ።

"ቀልድም ሲደጋገም ሥር ያወጣል፣ ልጄ።"

የደን ጥበቃ ሥራ ሲወጣ ሳቁ ቆመ። ከልጅነቱ የተመኘው ሥራ ነው። መሬት የለው፣ ሌላ ሙያ የለው፤ ይሄ ከቀረበት ምንም የለውም። እናቱ ጠዋት ጠዋት የመማሪያ ክፍሎቹን ስትጠርግ "ጌታዬ፣ ይቺን አንዷን ስጠኝ፣ ከዚህ በኋላ አላስቸግርህም" ትል ነበር።

ጥበቃውን የሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ የሟች ባሏ ጓደኛ ነው። ቤቱ ድረስ ሄደች።

"እህቴ፣ ጨዋታ መሆኑን አጥተነው አይደለም" አላት። "ግን ፊልሙን ያላየ መንደር የለም። እሱን ደን ጠብቅ ብንል፣ ጅብን ሥጋ ጠብቅ አሉት ብለው አይስቁብንም?"

"አንተ ሰው፣ እናንተ እምቢ ስላላችሁ አይደል እንዴ የገባበት!"

"እሱስ ልክ ነሽ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን የመጥረቢያ አያያዙን አይተሻል? ያልለመደ እጅ እንደዚያ ይይዛል?"

ሥራው ችግኝ ተካይ ሆኖ ለተጫወተው ተሰጠ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ከሰል ሲያከስል የኖረ ነው። ፊልሙ ላይ ግን እንዴት ያለ መልአክ ነበር!

ልጅየው ሥራ ፍለጋ ያልረገጠው ደጅ የለም። በየሄደበት "አንተ እኮ ያ ነህ!" ብለው ይስቃሉ፤ ስቀው ይሸኙታል። አንድ ቀን መጥረቢያ ገዝቶ ገባ። የራሱን።

"ልጄ፣ ፈጣሪን ፍራ" አለችው በሩ ላይ ቆማ።

"ፈጣሪማ ያውቀኝ ነበር፣ እማ። ስሙን ያለ ሥራው ተሸክሜ ኖርኩ፤ ከእንግዲህ አብረው ይሁኑ።" በቀስታ ገፋ አድርጓት ወጣ። እሷም ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትናገር?

ባለፊልሙ ዳግመኛ ሲመጣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነው ያያት።

"እማማ፣ እንደምን ከረሙ! ያቺን አንሶላዎን አይሰጡንም?"

"ልጄን ከፊልሙ ውስጥ ቆርጠህ አውጣልኝና አንሶላው ላንተ ይሁን።"

ሳቀ። ክፋት የለበትም፣ የዋህ ሳቅ ነው። "እሱን ካወጣሁትማ ምን ቀረኝ? በየደረስኩበት ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። እንዴት ያለ ጎበዝ ልጅ ነው ያለዎት!"

"ነበረኝ" አለችና አንሶላዋን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እነሱም ባዶው ግድግዳ ላይ አሳዩት። ልጇ በተላላጠው ቀለም ላይ መጥረቢያውን አነሳ፤ ልጆቹ "መጥረቢያው! መጥረቢያው!" እያሉ ጮኹ። በዚህ መሃል ጄኔሬተሩ ሁለቴ አንገራገረና ቀጥ አለ። ግድግዳው ጨለመ።

ከደኑ በኩል ግን ቋ... ቋ... ይላል።

ልጆቹ ፊልሙ ጠፍቶ ድምፁ የቀረ መስሏቸው ሳቁ። ትልልቆቹ አልሳቁም። ልጇ፣ ሰው ሁሉ ፊልም ላይ ነው፣ የጄኔሬተሩም ጩኸት ይሸፍነኛል ብሎ ነው የወጣው፤ እናቱ ይህን ታውቃለች። የፊት ወንበር ላይ የነበረው ጥበቃ ባትሪውን አብርቶ ተነሳ።

"ይሄስ ፊልም አይደለም" አለ።

እሷ በሰው እግር ላይ እየተረማመደች ጄኔሬተሩ ላይ ያጎነበሰው ባለፊልም ጋ ደረሰች። "ልጄ፣ በፈጠረህ ይዤሃለሁ፣ አስነሳው! ፊልሙን አስጨርሰን!"

"ነዳጅ አልቋል፣ እማማ።"

እዚያው ቆማ ጸሎቷን ጮክ ብላ ጀመረች። በዕድሜዋ ጮኻ ጸልያ አታውቅም። ሰው ዞር ዞር ብሎ አያት። ትንፋሽ ልትስብ ዝም ባለች ቁጥር መጥረቢያው ይሰማል፤ የባትሪው ብርሃንም ወደዚያው እየራቀ ይሄዳል።