ኮት ያለበት ድሪቶ

በጃንሆይ ዘመን ከሆሳዕና ከተማ አጠገብ ባለችው ሆመቾ ውስጥ እታለም የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ዋለ ሸንኮራ ሊቆርጥ ወንጂ እንደወረደ ወሬው ከጠፋ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ተተክቷል። አብረውት የሄዱት ተመልሰዋል፤ እሱን አየሁ የሚል ግን የለም።

እታለም ለልጆቿ ድሪቶ ትሰፋ ነበር። ከሆሳዕና ልብስ ሰፊዎች ደጃፍ ቁርጥራጭ ለቅማ፣ ያረጀ ቀሚሷንና የሟች እህቷን መቀነት ጨምራ ገጣጠመችው። ከእግር በኩል ግን አጠረ። የሐምሌ ብርድ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ቤት ውስጥ የቀረው ጨርቅ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው የዋለ ካኪ ኮት ብቻ ነው።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ቅደጂው!" አለች ጎረቤቷ ገነቴ። "የተሰቀለ ኮት ማንን ያሞቃል?"

ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በእነሱ ቤት የሰው ልብስ የሚቀደደው ባለቤቱ ሞቶ ከተለቀሰለት በኋላ ነው። መቀስ ኮቱን ከነካው ዋለ ሞቷል ማለት ነው።

እታለም መቀሱን ይዛ እሳት ዳር ወደተቀመጡት አማቷ ወደ ትርፊት ዞረች።

"እማማ፣ እርስዎ ይወስኑ።"

"እኔ ወለድኩት እንጂ አላገባሁትም። ኮቱ ያንቺ ነው።"

"የልጆቹ አባት ቢመጣስ?" ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም።

"ቢመጣ ይበርደዋል። ልጆቹን ግን ዛሬውኑ በርዷቸዋል።"

እታለም መቀሱን ኮቱ ጀርባ ላይ አሳረፈች። እጇ እምቢ አላት። ከዚያ መቀሱን አስቀምጣ ኮቱን እንዳለ፣ እጅጌውን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ ድሪቶው ባጠረበት በኩል አነጠፈችው። ዙሪያውንም ክሩ ሲሳብ በሚፈታ ስፌት ወሰወሰችው።

ገነቴ ሳቋ አመለጣት። "ዋለ ሲመጣ ድሪቶውን እየጎተተ ገበያ ሊወጣ ነው?"

"ይጎትት!" አሉ ትርፊት፤ እሳቸውንም ሳቅ ያዛቸው። "ይምጣ እንጂ ከነልጆቹ ይልበሰው።" ሳቁ እንባ ቀላቀለባቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

ሲመሽ ልጆቹ ተጋፍተው ከድሪቶው ስር ገቡ። ትንሿ ልጅ እግሯን ኮቱ እጅጌ ውስጥ ከታ ተኛች። እታለም ነፋስ እንዳይገባ የእጅጌውን ጫፍ ልትሰፋው መርፌ አነሳች። የባሏ እጅ የሚወጣበት ነውና ተወችው።