ሶዶን ከሱሉልታ የያዘው ሰው

ወንዳፍራሽ ሱሉልታ ውስጥ የታወቀ ዲሽ ሠሪ ነው። የሰውን ሁሉ ዲሽ ሲያስተካክል ይዋል እንጂ የራሱ ቤት ቴሌቪዥን ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዞር ብሎም አላየው። እሱ የራዲዮ ሰው ነዋ! ራዲዮ ስላችሁ ታዲያ ዜና ወይም ኳስ የሚያዳምጥ እንዳይመስላችሁ። የሚሉት ነገር ጉዳዩ አይደለም፤ ጉዳዩ ከየት ሆነው እንደሚሉት ነው። የቅርቧን ኤፍ ኤም አንዴ ከሰማት ስሟን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተሩ ላይ ይጽፍና ፊቱን ያዞርባታል። ከሩቅ የመጣች፣ ብቅ ጥልቅ የምትል ጣቢያ ካገኘ ግን ምግብም አይበላም።

ለዚህ ሥራ፣ ሥራ ከተባለ፣ ከኦቦ ቦጂያ በተከራየው ቤት ጣሪያ ላይ ስድስት ሜትር የውሃ ቧንቧ አቁሞ ጫፉ ላይ የአሉሚኒየም ዘንግ ደርድሮበታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከአሮጌ ቪትዝ የተነቀለ የመኪና ቴፕ በባትሪ ይሠራል። አከራዩ ኦቦ ቦጂያ መጀመሪያ ያዩት ቀን፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር መብረቅ አይጠራም?" አሉት። "ኧረ ይከላከላል!" አላቸው። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ እሳቸው ግን የተማረ ሰው ተናገረ ብለው ተዉት።

ችግሩ ሌላ ነው። ቧንቧው ሲቆም ቆርቆሮው ተበሳ፤ ክረምቱ ሲገባ ቤቱ ማፍሰስ ጀመረ። ማፍሰሱስ ባልከፋ፣ አልጋው ላይ፣ ያውም በፋናዬ በኩል! ሚስቱ ፋናዬ በጫንጮ መንገድ ካለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ትመጣና፣ ሆዷ ላይ ሳፋ አስቀምጣ ትተኛለች። ሐምሌን ቻለች፣ ነሐሴንም ቻለች። ጳጉሜ ላይ በቃኝ አለች።

"ስማኝ" አለችው። "እስከ መስቀል ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ሰው የሚመሰክርልህ አንድ የሩቅ ጣቢያ ያዝ። አንድ ብቻ! ካልያዝክ ያንን ቧንቧ ራሴ ወጥቼ ነው የማወርደው።"

"ብይዝስ?"

"ብትይዝማ ምን አደርጋለሁ፣ ከሳፋዬ ጋር እኖራለኋ።"

ወንዳፍራሽ ደነገጠ። ፋናዬ እንዲህ ቀስ ብላ ስትናገር የማትመለስ መሆኗን ያውቃል። ያለዚያ አንቴና ደግሞ እሱ ማን ነው? የሰው ጣሪያ ላይ ሲንጠላጠል የሚውል ሰው ብቻ። ቴሌግራም ላይ የሩቅ ጣቢያ የሚያድኑ አሥራ አንድ ሰዎች ግሩፕ አለ፤ ሰባቱ ተናግረው አያውቁም፣ ቢሆንም እዚያ "ጌታው" ይባላል። እዚያው ግሩፕ ውስጥ ከድሩ የሚባል የሰበታ የፊዚክስ አስተማሪ አለ። በሳምንት በሳምንቱ የያዘውን እየለጠፈ የወንዳፍራሽን ሆድ ሲያሳርር የኖረ ሰው ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? መስከረም አምስት፣ ሰኞ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰማንያ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ላይ መዝሙር ገባ። ጥርት ብሎ! ወላይትኛ ነው። ወንዳፍራሽ አንዲት ቃል አይገባውም፤ ግን ሕንፃ ሥራ ላይ ከወላይታ ልጆች ጋር ስለዋለ ቋንቋውን ለይቶ ያውቀዋል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየና እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ማክሰኞም በዚያው ሰዓት መጣ። ረቡዕም መጣ። እሑድ ግን የለም። የመዝሙር ጣቢያ እሑድ እሑድ የሚያርፈው በየትኛው አገር እንደሆነ ራሱን ለመጠየቅ ልቡ አልፈቀደለትም።

"ሶዶ ናት!" ብሎ ግሩፑ ላይ ለጠፈ። "ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ! እንጦጦን ዘላ!"

ከድሩ ወዲያው ደወለ። "አይሆንም ወንዴ። ሶዶ ለእኔ ትቀርበኛለች። እኔ ጋ ያልገባች አንተ ጋ በየት በኩል ገባች?"

"ሲነጋጋ ብርዱ ሞገዱን ያጥፈዋል፣ ይሄን አንተ አይደለህ የምታስተምረው? ደግሞ አንቴና ይለያያል፣ ወንድሜ።"

"ስሟን ተናግራለች?"

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእነሱ ሕግ ጣቢያዋ ስሟን ስትናገር ካልተሰማች ደብተር ላይ አትጻፍም። ይቺ ደግሞ መዘመር እንጂ መናገር የማታውቅ ናት። ስሟ እንዳያመልጠው ብሎ በየጠዋቱ ጆሮውን ድምፅ ማጉያው ላይ ይደፋል። ፋናዬ የፋብሪካው ሰርቪስ እንዳያመልጣት በዚያው ሰዓት ነው የምትወጣው። "ደህና ዋል" ትለዋለች፤ ቀና ሳይል እጁን ያወዛውዝላታል።

"ናና ራስህ ስማ" አለው ከድሩን በመጨረሻ።

ከድሩ መስከረም አስራ አራት አመሻሽ ላይ አራት ታክሲ ቀይሮ ከሰበታ መጣና ሶፋው ላይ አደረ። ሲነጋጋ ኦቦ ቦጂያም ጋቢያቸውን ተከናንበው "አካም ቡልታን?" እያሉ ገቡ። ለመመስከር ሳይሆን ሻይ እንዳለ ሰምተው ነው። ፋናዬ ለእንግዶቹ ሻይ ልታፈላ ጓሮ ማድ ቤት ገብታ ረፈደባት።

አስራ አንድ ተኩል ሲሆን መዝሙሩ ከች አለ።

ከድሩ አፉን ያዘ። "ወላሂ ጥርት ያለች ናት! እንዲህ የምትጮህ የሩቅ ጣቢያ ሰምቼ አላውቅም።"

"ቧንቧውን አየኸው አይደል?" አለ ወንዳፍራሽ። ደረቱ ሊቀደድ ደርሷል። አንቴናው ተረፈ፣ ከድሩ ተንበረከከ፤ ከዚህ በላይ ሰው ምን ይመኛል? በመሀል መዝሙሩ ቀጥ አለ። "ስሟን ልትናገር ነው! ቅዳ! ኧረ ቅዳ!"

ከድሩ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ደቀነ። ራዲዮው ሁለት ጊዜ እንደሚጠራ ስልክ ጮኸና የሴት ድምፅ ገባ።

"አቤት ሕዝቅያስ። መጣሁ፣ መጣሁ! እንግዳ መጥቶብኝ እኮ ነው... ከሰበታ... ራዲዮ ሊያዳምጥ። እውነቴን ነው ስልህ፣ ከሰበታ ድረስ!"

ኦቦ ቦጂያ ስኳር የያዘ ማንኪያቸውን አየር ላይ አቆሙት። "ሶዶ ደግሞ የፋናዬን ድምፅ ከየት አመጣችው?"

ሦስቱም በጓሮው መስኮት ወደ ማድ ቤቱ አዩ። ፋናዬ ስልኳን በትከሻዋ ይዛ የቀረውን ሻይ ትቀዳለች። ራዲዮው ቀጠለ።

"በናትህ የመኪናህን መብራት ቦዩ ላይ አብራልኝ፤ እንደዚያ ቀን ደግሞ ልውደቅልህ?... አይ፣ ጉልበቴ ገና ነው፤ ሲበርድ ይጠዘጥዘኛል... ለእሱማ አልነገርኩትም። ምን ያደርግልኛል ብዬ?"

ስልኩ ተዘጋ። ሶዶ መዝሙሯን ካቆመችበት ቀጠለች።

ከድሩ መሬት ላይ ተዘረጋ። "ሰርቪሱ ነው! የሰርቪሱ መኪና ነው!" ይላል፣ ሳቁ ትንፋሽ እያሳጠረው። ለኦቦ ቦጂያ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ሾፌሮች ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰኳት ትንሽ ዕቃ አለች፣ የስልካቸውን ዘፈን በኤፍ ኤም ለመኪናው ራዲዮ ታስተላልፋለች፣ ስልክ ሲያወሩም የወዲያኛውን ሰው ድምፅ እንዲሁ። የቀረውን ኦቦ ቦጂያ ሞሉለት፤ ሕዝቅያስ የሚባለው የወላይታ ልጅ ከአዲስ ዓመት ወዲህ ሰርቪሱን ተረክቦ ፋናዬን ከበሯ ላይ መውሰድ ጀምሯል። "ሠላሳ ሜትር! አንተ ጌታው፣ ሠላሳ ሜትር እኮ ናት!" አለ ከድሩ።

ወንዳፍራሽ አልሰማውም። ጆሮው ላይ የቀረው ሌላ ነገር ነው። እንደዚያ ቀን ልውደቅልህ? የትኛው ቀን? በነጠላ ጫማው ወጥቶ ሮጠ።

ከበሩ ፊት ለውሃ መስመር ተቆፍሮ ክረምቱን ሙሉ ሳይደፈን የከረመ ቦይ አለ፤ በላዩ አንዲት ሳንቃ ተጋድማበታለች። ፋናዬ ማዶ ተሻግራ የመኪናውን በር ይዛለች። ሲያያት ግራ እግሯን ሳብ ታደርጋለች። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታነክሰው? አሥር ቀን ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ!

"መቼ ነው የወደቅሽው?"

"ግባ አንተ፣ ብርድ ነው። ረፍዶብኛል።"

"ፋናዬ፣ መቼ ነው?"

መኪናው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አሰገጉ። ፋናዬ ዞር ብላ አየችው።

"ያን ሰኞ፣ መስከረም አምስት። ቤት ውስጥ እንደ እብድ ስትጮህ ሰማሁህ። መውደቄን ያየህ መስሎኝ፣ እስክትመጣልኝ ቦዩ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩህ።"

"እና?"

"እናማ ሕዝቅያስ ወርዶ አነሳኝ።"

ገብታ በሩን ሳበችው። መኪናው ሄደ፤ ቤት ውስጥ መዝሙሩ እየሳሳ ጠፋ። ወንዳፍራሽ አፈረ። ከድሩ ፊት አፍሮ ቢሆን ይቀለው ነበር፤ ይሄኛው እፍረት ግን ዓይኑን እስኪያቃጥለው ድረስ ነው። የዚያን ሰኞ ጩኸቱን ያስታውሰዋል፤ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ እስኪጮህ ነው በደስታ የጮኸው። እሷ ጭቃ ውስጥ ሆና ሊያነሳኝ ነው ብላ ስትሰማው!

ቧንቧውን በዚያው ጠዋት አወረደው። ያዘዘው የለም። ከድሩ መሰላሉን ያዘለት፤ አንድ ሁለቴ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል የወንዳፍራሽን ፊት አየና ዋጠው። የተበሳውን ቆርቆሮም አብረው ደፈኑት።

በማግስቱ አስራ አንድ ተኩል ላይ ወንዳፍራሽ ቦዩ ማዶ ቆሞ ነበር፤ በአንድ እጁ የስልኩን መብራት ይዞ፣ ሌላውን እጁን ዘርግቶ። ሕዝቅያስ መዝሙሩን ቀነስ አደረገው። ፋናዬ ሳንቃዋ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ እጁን አየችው፣ ፊቱን አየችው። እጇን ሰጠችው፤ ከመስጠቷ በፊት ግን ትንሽ አስጠበቀችው።