የወርቅዬ መክሳት

ጂቡቲ ውስጥ ፔካ 12 በሚባለው ሰፈር፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት መንገድ ዳር፣ ወርቅዬ ምግብ ቤት ነበራት። ሽሮዋን የቀመሰ ሾፌር ሌላ ቤት አይገባም። እሷም ሞላ ያለች፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ከቀትር በኋላ ጫቱ ሲመጣ ከደንበኞቿ ጋር ቁጭ ብላ ለስላሳውን በላይ በላዩ ትጠጣለች። አገር ቤት ፎቶዋን ያዩ ሁሉ ጂቡቲ ተስማምታታለች ይሉ ነበር።

ታላቅ እህቷ የውብዳር ድሬዳዋ ላይ በስኳር በሽታ ስትሞት ግን ወርቅዬ ፈራች። ሄዳ ተመረመረች። ነርሷ ነጃት ሳታለባብስ ነገረቻት፤ ስኳሯ ከልኩ አልፏል፣ ገና በሽታ ግን አልሆነም። ሕመሙ በእህቷ ስለታየ፣ ክብደቷም ስለጨመረ፣ እንዲሁ ከቀጠለች መድረሻዋ እዚያው ነው። ለስላሳውንና ስኳር የበዛበትን ሻይ ትታ፣ በየቀኑ በእግሯ ከሄደችና ከክብደቷ ከቀነሰች ግን ሊመለስላት ይችላል።

ወርቅዬም ቆረጠች። ፀሐይ ሳትበረታ በአስፋልቱ ዳር ትሄዳለች፤ ጫቱ ላይ ውሃዋን ይዛ ትቀመጣለች። ወራት ሲያልፉ ቀሚሶቿ ሰፏት። ነጃት ደሟን አይታ ደስ አላት። ሾፌሮቹ ግን ደስ አላላቸውም። በዚያ ዘመን የመኪና መንገድ ዳር የምትኖር ሴት ከከሳች፣ ሰው የሚሰጣት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ኤድስ። ፊት ለፊት የጠየቃት የለም። ወንበሮቿ ብቻ ባዶ እየሆኑ ሄዱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ሽብሩ የሚባለው ደንበኛዋ ወሬውን ጭኖ ድሬዳዋ፣ እናቷ ደጅ አራገፈው። ያ ሰው ሌላ ጭነት እንዲህ ፈጥኖ አድርሶ አያውቅም።

እናቷ ወይዘሮ ሲምቦ ማርና ቅቤ ይዘው መጡ። ልጃቸውን ሲያዩ አለቀሱ። ማሩን በውሃ በጥብጠው ጠጪ አሏት። ወርቅዬ እምቢ አለች። የነጃትን ምክር አስረዳቻቸው፤ ኤድስ እንደሌለባትም ተመርምራ ማወቋን ነገረቻቸው። እሳቸው ግን አንዱም አልገባቸውም።

«የውብዳርም እንዲህ ነው የጀመራት። ከሳች፣ ከሳች፣ አለቀች። አንቺንም ቆሜ ልቅበርሽ?»

ወርቅዬ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ያዩት ያንኑ አንድ ሞት ነበር። እሷ ስኳሩን ስትፈራ፣ እናቷ የፈሩት ክሳቱን ነው።

«እማዬ፣ እሷን ያከሳት በሽታው ነው። እኔ የከሳሁት እሱ እንዳይዘኝ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ሲምቦ እጃቸው ላይ ያለውን የማር ብርጭቆ አዩ። በቀስታም፣ «እኔ እኮ ትበርታልኝ ብዬ በየማለዳው ማር አጠጣት ነበር» አሉ።

ወርቅዬ ምን ትበል? ማሩ አልጎዳትም ብትል ውሸት ነው። ጎድቷታል ብትል ደግሞ እናት ይህን ተሸክማ እንዴት ትኖራለች?

«ማን ነግሮሽ ታውቂ ነበር» አለች፤ ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀብላ አስቀመጠችው። ከዚያ አብረው አለቀሱ።

በማግስቱ ለእግር ጉዞዋ ስትወጣ እናቷ ነጠላቸውን ተከናንበው ተከተሏት። ሽብሩ መኪናው አጠገብ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ወይዘሮ ሲምቦ ፊቱ ሄደው ቆሙ።

«ይቺ ልጄ ደህና ናት። የሞተችብኝ ሌላዋ ናት፤ የገደላትም ስኳር ነው። ይህንንም እንደ ፊተኛው ፈጥነህ አድርስልኝ» አሉት።

ሽብሩ አንገቱን ደፋ። እናትና ልጅ አለፉት። ጥቂት እንደሄዱ ወይዘሮ ሲምቦ፣ ያቺ ነርስ እሳቸውንም ታያቸው እንደሆነ ጠየቁ። ወርቅዬ እጃቸውን ያዘችና እርምጃዋን ቀነሰች።